እናት እርሻ ስትውል ሕፃኑ እንዳይከሳ

በባቱ (ዝዋይ) ዙሪያ በአበባና በአትክልት እርሻ የሚሠሩ እናቶች ማልደው ወጥተው ቀኑን እዚያው ይውላሉ። ቤት ውስጥ እህል እያለ እንኳ ሕፃኑ የሚጎዳው በእነዚህ ሰዓታት ነው። ጡት የለም፣ እሳት የሚያነድ አዋቂ የለም፣ ጠባቂውም ብዙ ጊዜ የ9 ወይም የ10 ዓመት እህቱ ናት። ስለዚህ ዝግጅቱ ሁሉ እሷ ያለ እሳት ልትሠራው የምትችለው መሆን አለበት።

እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃል። እናቲቱ ከመውጣቷ በፊት እጇን ታጥባ፣ ተቀቅሎ በደረቀ፣ ክዳን ባለው ኩባያ ወተቷን ትለብ። እንደ ባቱ ባለ ሞቃት ቦታ ኩባያው በጥላ ሥር፣ ቀዝቃዛ ውሃ በያዘ ሳህን ውስጥ ይቀመጥ፤ ከታለበ በ4 ሰዓት ውስጥም ይጠጣ። የተረፈውን ይድፉት። በጡጦ ሳይሆን በሲኒ ይጠጣ፤ የጡጦ ጫፍ በደንብ ስለማይታጠብ ተቅማጥ ያመጣል። እናት ስትመለስ የሥራ ልብሷን ቀይራ፣ እጇንና ጡቷን በሳሙና ታጥባ ከዚያ ጡት ትስጠው፤ የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት በልብስ ቤት ይገባል።

ከ6 ወር በኋላ ለቀኑ የሚመቸው የበሶ ምጥን ነው፤ 3 ጣሳ ገብስ ለ1 ጣሳ ሽምብራ። ሽምብራው ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያድራል፣ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ውስጡ ድረስ ይቆላል፣ ይከካል፣ ገለባው ይወጣል። ጥሬነት የቀረው ሽምብራ ሆድ ይነፋልና ልጁ ሁለተኛ አይበላም። ገብሱም ተፈትጎ ይቆላል፤ ሁለቱ አብረው ይፈጩ። ብዙ ከማስፈጨት የሁለት ሳምንት ብቻ ማዘጋጀት ይሻላል፤ እርጥበት የነካው ዱቄት ይሻግታል።

ጠዋት እናት ውሃ አፍልታ፣ አቀዝቅዛ፣ ክዳን ባለው ጆግ ትተው። እህቱ ምሳ ላይ 4 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በሳህን አድርጋ ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመረች ታሽ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ዘይት ትጨምር። ማንኪያው ሲገለበጥ ቶሎ የሚፈስ ከሆነ ቀጥኗል። የሕፃን ሆድ በአንዴ ከሦስት የቡና ሲኒ ብዙም ስለማይዝ፣ ቀጭን አጥሚት ሆዱን በውሃ ይሞላዋል። ጠዋት የተቀቀለ እንቁላል ሳይላጥ ይቆይና ምሳ ላይ ይላጥ። ሻይ በዳቦ ግን ለሕፃን አይሁን፤ ሻይ ምግቡ ውስጥ ያለው አይረን (ለደም የሚያስፈልገው ማዕድን) ሰውነቱ እንዳይገባ ያግዳል። ከ6 እስከ 8 ወር በቀን 2 እስከ 3 ጊዜ፣ ከ9 እስከ 23 ወር 3 እስከ 4 ጊዜ ይብላ፤ ጡትም እስከ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ይቀጥል።

ልጁ መክሳቱን የሚያሳየው የክንድ ልኬት፣ በቀለም በተከፈለው መለኪያ ሪባን፣ እናት በምታርፍበት ቀን ይሁን። የግራ ክንዱ ታጥፎ ከትከሻ ጫፍ እስከ ክርን ጫፍ ባለው መካከል ላይ ምልክት ይደረግ፤ ከዚያ ክንዱ ተዘርግቶ ዘና ይበልና ሪባኑ ምልክቱ ላይ ይዙር። ሪባኑ ቆዳውን ይንካ እንጂ አያጥብቅ፤ በልብስ ላይ የተለካ ዋጋ የለውም። ከ6 እስከ 59 ወር ላለ ልጅ ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች ቀይ፣ ከ11.5 እስከ 12.4 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ ነው። ሁለቱንም እግሮቹን በአውራ ጣት ለ3 ሰከንድ ጫን አድርገው ይልቀቁ። በሁለቱም ላይ ጉድጓድ ከቀረ ሪባኑ አረንጓዴ ቢያሳይም ልጁ በጠና ታሟል፤ ያበጠ ልጅ ያልከሳ ይመስላልና ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ቀይ ወይም እብጠት ያለበት ልጅ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። የማይበላ፣ ሁሉን የሚያስመልስ፣ የፈዘዘ ወይም ትኩሳት ያለበት ተኝቶ ይታከማል። ፕላምፒ ነት (በጠና ለከሳ ልጅ የሚሰጥ፣ በፓኬት የታሸገ የለውዝ ምግብ) የተሰጠው ልጅ መጀመሪያ ጡት ይጥባ፣ ከዚያ ከፓኬቱ ይብላ፣ ንጹሕ ውሃም ይጠጣ። ክብደቱ ካልጨመረ መጀመሪያ የሚጠየቀው ፓኬቱን ማን እንደበላው ነው። ታላላቆቹ ርቧቸው ቆመው እያዩ እናት ለአንዱ ብቻ መስጠት አይሆንላትም፤ ለእነሱም በሶው ይዘጋጅ።

ሥራ ሲያልቅ ቤተሰቡ ወደ ሌላ እርሻ ወይም ወደ አገሩ ይሄዳል፤ ሕክምናው የሚቋረጠውም ያኔ ነው። ስለዚህ ልጁ በሚመዘገብበት ቀን የት እንደሚሄዱና መቼ እንደሚነሡ ይጠየቅ። ክብደቱ፣ የክንዱ ልክና የተሰጠው ፓኬት የተጻፈበት የዝውውር ወረቀት ሳይነሡ በፊት በእናቲቱ እጅ ይግባ።