የታላላቅ የሒሳብ ንግግሮችን ኅትመት ስንፈልግ የምንሠራቸው ስህተቶች

እዚህ ጎንደር የሒሳብ ተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ሳነብ ከሁሉ አብልጦ የሚያሳዝነኝ፣ ንግግሩ የተደረገበትን ዓመት እንደታተመበት ዓመት አድርጎ መውሰድ ነው። በርንሃርድ ሪማን ስለ ጂኦሜትሪ መሠረቶች ጎቲንገን ላይ የተናገረው እ.ኤ.አ. በ1854 ሲሆን፣ ጽሑፉን የሒሳብ ሊቁ ዴዴኪንድ ያሳተመው ሪማን ካረፈ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 ነው። ኩርት ጎደል እ.ኤ.አ. በ1951 ያቀረበው የጊብስ ንግግር (የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር የሚያዘጋጀው የክብር ንግግር) ደግሞ በተሰበሰቡ ሥራዎቹ ሦስተኛ ቅጽ ለኅትመት የበቃው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። አንድ ትጉህ ተማሪ የ1854ን መጽሔቶች ሦስት ቀን ሙሉ ሲያገላብጥ ሰንብቶ «ጽሑፉ ጠፍቷል» ብሎኝ ያውቃል፤ ያን ሁሉ ድካም ያስከተለው አንድ ቁጥር ነበር። የዘመን አቆጣጠራችን ሲጨመርበት ነገሩ ይብሳል። ሌላ ተማሪ የጀርመናዊውን የሒሳብ ሊቅ የሂልበርትን የ1900 (እ.ኤ.አ.) ንግግር በማስታወሻው ላይ በእኛ አቆጣጠር 1892 ብሎ መዝግቦ፣ ከወራት በኋላ ያንኑ ቁጥር በፈረንጆች አቆጣጠር ወስዶ ስምንት ዓመት ወደኋላ ሄዶ ሲፈልግ አግኝቼዋለሁ። እባካችሁ፣ ከዓመቱ በፊት «እ.ኤ.አ.» የሚለውን አትዝለሉ።

የተነገረውና የታተመው ቃል በቃል አንድ ነው ብሎ ማመንም ያሳስታል። ዴቪድ ሂልበርት ፓሪስ ላይ በዓለም አቀፍ የሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ነሐሴ 2 ቀን 1892 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1900) በቃል ያቀረበው ዐሥር ያልተፈቱ የሒሳብ ጥያቄዎችን ብቻ ነው፤ ሃያ ሦስቱ የወጡት በዚያው ዓመት በጎቲንገን የታተመው ጽሑፍ ላይ ሲሆን፣ የሜሪ ዊንስተን ኒውሰን የእንግሊዝኛ ትርጉም በአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ቡለቲን እ.ኤ.አ. በ1902 ተከትሏል። እኔም ተማሪ ሳለሁ ሃያ ሦስቱንም በጉባኤው ፊት እንዳነበባቸው ጽፌ መምህሬ አርመውኛል። የፊሊክስ ክላይን ስለ ጂኦሜትሪ የሚናገረው «የኤርላንገን ፕሮግራም» እንዲሁ እ.ኤ.አ. በ1872 የተሠራጨ የታተመ ጽሑፍ ነው፤ ክላይን በዚያው ዓመት በኤርላንገን ያሰማው የመግቢያ ንግግር ግን ስለ ሒሳብ ትምህርት ነበር።

ተናጋሪውና ደራሲው ሁልጊዜ አንድ ሰው አይደሉም፤ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፖዋንካሬ በመታመሙ ጽሑፉን ያነበበለት የአገሩ ልጅ ዳርቡ ነው።

በቴሌግራም የሚዘዋወር፣ የርዕስ ገጹ የተቆረጠ ፒዲኤፍ አትጥቀሱ። የዓለም አቀፍ የሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤያትን መድበሎች የዓለም አቀፉ የሒሳብ ኅብረት በድረ ገጹ በነጻ አስቀምጧቸዋልና፣ ከዚያ አውርዳችሁ ቅጹንና የገጹን ቁጥር ከራሱ ከመድበሉ ገልብጡ።