አሮጌ አጫጭር ሪቮልቨሮችን ስናወዳድር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮልት ዲቴክቲቭ ስፔሻልና ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ቺፍስ ስፔሻል ጎን ለጎን ሲቀመጡ ወንድማማች ይመስላሉ። ሁለቱም አሜሪካ ሠራሽ ሪቮልቨሮች፣ ማለትም ጥይት የሚጎርሰው ሲሊንደራቸው የሚሽከረከር ሽጉጦች ናቸው። የሁለቱም አፈሙዝ 2 ኢንች አካባቢ ነው። ሁለቱም ኮት ኪስ ውስጥ እንዲገቡ ተብለው የተሠሩ ናቸው። አሜሪካ ሆናችሁ አሮጌ መሣሪያ የምትሰበስቡ ግን መልካቸውን ብቻ አይታችሁ ከወሰናችሁ፣ ከገንዘብም በላይ ልትጎዱ ትችላላችሁ።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ስህተት የጥይቱን መጠን “.38 ነው” ብሎ ማለፍ ነው። .38 ስፔሻልና .38 ኤስ ኤንድ ደብሊው ሁለት የተለያዩ ጥይቶች ናቸው። የኋለኛው ቀለህ አጠር፣ ወፈር ያለ ነው። እርሳሱም ትንሽ ይሰፋል። በ1936 (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ቴሪየር የሚጎርሰው ይህንን ነው። ኮልት ባንከርስ ስፔሻልም፣ ከ.22 ጎራሹ በቀር፣ እንደዚያው ነው። ነገሩን የሚያምታታው ደግሞ ኮልት ይህንኑ ጥይት “.38 ኮልት ኒው ፖሊስ” እያለ በራሱ ስም መጥራቱ ነው።

የባሰው ቪክቶሪ የተባለው የጦርነት ጊዜ ሪቮልቨር ጉዳይ ነው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ ጦር .38 ኤስ ኤንድ ደብሊው የሚጎርስ ብዙ ቪክቶሪ ልኳል። ከጦርነቱ በኋላ ብዙዎቹ ተመልሰው ለአሜሪካ ገበያ ሲቀርቡ፣ .38 ስፔሻል እንዲጎርሱ ውስጣቸው ተቦረቦረ። አንዳንዶቹ አፈሙዛቸው ጭምር ተቆረጠ። የሲሊንደሩ ቀዳዳ ከኋላ በኩል ድሮውንም ሰፊ ስለሆነ፣ ሲተኮስ ቀለሁ ያብጣል፤ ሊሰነጠቅም ይችላል። ስለዚህ አፈሙዙ ላይ ያለው ጽሑፍ መሃል ላይ ተቆርጦ ከቀረ፣ ወይም የፊት ማነጣጠሪያው በኋላ የተተከለ ከመሰለ፣ ያንን ሽጉጥ ፋብሪካው አጭር አድርጎ ከሠራው ጋር አታወዳድሩት።

ሁለተኛው ስህተት ብረትን ከአሉሚኒየም ጋር ማወዳደር ነው። ዲቴክቲቭ ስፔሻል ብረት ነው። በ1950 የመጣው ኮብራ መልኩ ያው ሆኖ አካሉ የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። ከስሚዝ ኤንድ ዌሰን በኩል የኮብራ እኩያ ኤርዌይት የሚባለው የአሉሚኒየም ቅይጥ ሽጉጥ ነው፤ የብረቱ ቺፍስ ስፔሻል አይደለም። ቀላሉ ለኪስ ይመቻል፣ ሲተኮስ ግን እጅ ይመታል፤ አሮጌው ቅይጥም ጠንካራ ጥይት አይወድም። የመጀመሪያዎቹ ኤርዌይቶች ደግሞ ሲሊንደራቸው ራሱ አሉሚኒየም ነበር። እንዲህ ያለውን ካገኛችሁ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ እንጂ አይተኮስበት። በ2017 ኮልት እንደገና ያወጣው ኮብራ ከድሮው ጋር ስሙን እንጂ አካሉን አይጋራም። አዲሱ ብረት ነው።

ስም ብቻ ይዞ ዘመንን መርሳትም ያሳስታል። ዲቴክቲቭ ስፔሻል ከ1927 እስከ 1986፣ ከዚያም ከ1993 እስከ 1995 ተሠርቷል። ከ1973 ጀምሮ ቀለህ የሚያስወጣው ዘንግ ከአፈሙዙ ሥር መሸፈኛ አለው፤ ከዚያ በፊት ግን ራቁቱን ነው። ቺፍስ ስፔሻል በበኩሉ በ1950 ወጥቶ ሞዴል 36 የሚለውን ቁጥር ያገኘው በ1957 ነው። ቁጥር የሌለው ሁሉ የተጭበረበረ አይደለም።

“መዶሻ የሌለው” የሚለው አጠራርም ሁለት የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴሎችን ያቀላቅላል። ቦዲጋርድ መዶሻው፣ ማለትም ጥይቱን መትቶ የሚያስተኩሰው ክፍል፣ ዙሪያውን ተሸፍኖ ጫፉ ብቅ ይላል፤ በአውራ ጣት መሳብ ይቻላል። ሴንተኒያል መዶሻው ሙሉ በሙሉ ውስጥ ነው፤ የሚተኮሰው ምላጩን በመሳብ ብቻ ነው። የድሮው ሴንተኒያል እጀታው ጀርባ ላይ ካልተጨበጠ የማያስተኩስ መቆለፊያም አለው።

ኮልት ስድስት ጎራሽ፣ ቺፍስ ስፔሻል አምስት ጎራሽ መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙዎች የሚረሱት አሠራሩን መፈተሽ ነው። የኮልቱን የሲሊንደር መክፈቻ ወደ ኋላ ትስባላችሁ፤ የስሚዝ ኤንድ ዌሰኑን ወደ ፊት ትገፋላችሁ። ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ሁለቴ አረጋግጡና መዶሻውን በአውራ ጣት ቀስ አድርጋችሁ ሳቡት። መዶሻው ተስቦ ሲይዝ ሲሊንደሩም መቆለፍ አለበት። ዘግይቶ ከቆለፈ ወይም ጭራሽ ካልቆለፈ ውስጡ ተበልቷል። አሮጌ ኮልት ላይ ይህ የታወቀ ችግር ነው፤ በደንብ የሚያስተካክለው ባለሙያም በቀላሉ አይገኝም። እኔ ብሆን የሚያብለጨልጭ ግን ዘግይቶ የሚቆልፍ ኮልት ትቼ፣ የተጫጫረውን ጤነኛ እመርጣለሁ። ስትፈትሹ ደግሞ እንደ ፊልም በአንድ እጅ ወዝውዛችሁ አትዝጉት። ሲሊንደሩን የያዘው ክንድ ይጣመማል፤ ባለቤቱም ቢቆጣ እውነት አለው።

“አሮጌ ስለሆነ ወረቀት አይፈልግም” የሚለው ሐሳብ አደገኛ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ አንቲክ (ጥንታዊ) የሚለው እስከ 1898 የተሠራውን ነው። እዚህ የጠቀስኳቸው ሁሉ ከዚያ በኋላ የተሠሩ ናቸው። 50 ዓመት ያለፈው መሣሪያ ለሰብሳቢዎች የተለየ ምድብ ውስጥ ይገባል፤ ሆኖም በሕግ ፊት መሣሪያ መሆኑ አይቀርም። ኢትዮጵያ ውስጥም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ዓ.ም. መሠረት ፈቃድ የግድ ነው፤ ለዘመድ ማስታወሻ ይሆናል ብላችሁ ሻንጣ ውስጥ ልትከቱት እንዳታስቡ።

ዋጋ ስታወዳድሩ በመጨረሻ ቀለሙን እዩ። እንደገና የተቀባ ሽጉጥ ከሩቅ አዲስ ይመስላል። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት የተቀረጹት ፊደሎች ጠርዝ ደብዝዟል፣ የብሎኖቹ ቀዳዳ ዙሪያም ሰርጎድ ብሏል። ሰብሳቢ የሚከፍለው ለፋብሪካው ቀለም ነው፤ ሳሳ ቢልም እንኳ።