የዛፍ መውጫ ዕቃ ምርመራ ላይ ለምን ይወድቃል? ችግርና መፍትሄ

ይህ ጽሑፍ እንግሊዝ አገር ዛፍ ላይ በገመድ እየወጡ ለሚሠሩ ወገኖች ነው። ሎለር የሚባለውን የማንሻ ዕቃዎች ደንብ ታውቁታላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ነው። ሰው የሚሸከም ገመድ፣ ሃርነስ (ወገብና እግር ላይ የሚታጠቁት ቀበቶ) እና ካራቢነር (በር ያለው የብረት ማያያዣ) በተለምዶ በየ6 ወሩ ብቃት ባለው ሰው ተፈትሾ ሪፖርት ይጻፍለታል። ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጃችሁ ዳብሱ ብዬ ጊዜያችሁን አላባክንም። እሱን የማያደርግ ሰው ዛፍ ላይ ባይወጣ ይሻላል። እኔ የምጽፈው መመርመሪያ ጠረጴዛ ላይ ደርሶ ስለሚወድቀው ነው።

ዕቃው ደህና ነው፣ ግን አላለፈም

ምልክት፦ ስፌቱ አልተተረተረም። ዘለበቱ በደንብ ይቆልፋል። ባለቤቱም "አዲስ ነው እኮ!" ይላል። ሪፖርቱ ላይ ግን "ከሥራ ይውጣ" ይጻፍበታል።

ምክንያት፦ መለያ ቁጥሩ አይነበብም። እኔ ጋ ከሚወድቀው ዕቃ አብዛኛው ተበጥሶ ወይም ተሰንጥቆ አይደለም የሚወድቀው። የትኛው እንደሆነ ስለማይታወቅ ነው። ሪፖርት የሚጻፈው ለቁጥር እንጂ "ለቀዩ ሃርነስ" አይደለም። ወገቤን ከረከረኝ ብሎ ሌብሉን በመቀስ የሚቆርጥ አለ። የዛፍ ሙጫና የቼይንሶው ዘይት ተደራርቦበት ሌብሉ ጥቁር ጨርቅ የሆነበት አለ። ከሥራ ሱሪው ጋር ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ወርውሮ በሙቅ ውኃ የሚያጥበውም ብዙ ነው።

አንድ የቡድን አለቃ ካራቢነሮቹን በከረጢት፣ ወረቀቶቹን በፋይል ይዞ መጣ። ፋይሉ ሲያዩት ያምራል፤ ለእያንዳንዱ ካራቢነር ወረቀት አለው። ካራቢነሮቹ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፣ ቁጥራቸውንም ገመድ ፍቆ ጨርሶታል። የትኛው ወረቀት የየትኛው ነው? "ምን ልዩነት አለው፣ ሁሉም አንድ ናቸው" አለኝ። ልዩነት አለው። ፔትዝል የተባለው አምራች እ.ኤ.አ. በ2013 ዚግዛግ የተባለውን በገመድ መውጫና መውረጃ መሣሪያ ከተጠቃሚዎች መልሶ ሰብስቧል። እንዲህ ያለ ጥሪ ሲወጣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው መለያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከጠፋ የእናንተ ዕቃ ከሚመለሱት ውስጥ ይሁን አይሁን በምን ታውቃላችሁ?

ሌላው ደግሞ ቁጥሩ ሲጠፋበት በወፍራም ማርከር ራሱ ቀበቶው ላይ ጻፈው። የማርከር ቀለም ውስጥ ያለው ማሟሚያ ክሩን ሊጎዳ ይችላል። ካራቢነሩን በመዶሻና በብረት ማተሚያ ወቅሮ ቁጥር ያወጣለትም አይቻለሁ። ብረት ላይ የተወቀረ ጭረት ስንጥቅ የሚጀምርበት ቦታ ነው። ይህን አታድርጉ። ከአሮጌ ሃርነስ ሌብል ፈትታችሁ ሌላው ላይ መስፋትማ በፍጹም አታድርጉ! ያ ማጭበርበር ነው።

ገመድ ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ኢ.ኤን. 1891 የተባለውን የአውሮፓ ደረጃ የሚያሟላ ገመድ ሁለቱም ጫፎቹ ላይ ዓይነቱንና ውፍረቱን የሚናገር ማሰሪያ አለው። በመሃሉ ደግሞ የአምራቹ ስም፣ የተሠራበት ዓመትና የክሩ ዓይነት የታተመበት ቀጭን ጥብጣብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል። ጫፉን ቆርጣችሁ ሽፋኑን ገለጥ ብታደርጉት ታገኙታላችሁ። ታዲያ ጥብጣቡ ምን ዓይነት ገመድ እንደሆነ እንጂ የትኛው ገመድ እንደሆነ አይነግራችሁም። 45 ሜትር ገመድ ለሁለት ቆርጦ በአንድ ወረቀት የሚሠራ ሰው ይህን አይረዳም። አንዱ ቁራጭ ቢያንስ ወረቀት የለውም፤ የትኛው እንደሆነ ግን እሱም አያውቅም።

መፍትሄ፦ ዕቃው በተገዛበት ቀን፣ ገና ሳይቆሽሽ፣ ሌብሉን በስልክ ፎቶ አንሱት። የመመሪያ ወረቀቱን ከካርቶኑ ጋር አትጣሉት። ገመድ ስትቆርጡ እዚያው በዚያው ለየቁራጩ የራሱን ቁጥር ስጡት፤ ጫፉ ላይ አስራችሁ ውስጡን በሚያሳይ ላስቲክ ሸፍኑት፣ መዝገቡ ላይም ጻፉት። ቁጥር ማንበብም ልመዱ። በአዲሱ የፔትዝል አጻጻፍ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ዓመቱን፣ ቀጥሎ ያለው ፊደል ወሩን ይናገራሉ። በድሮው ደግሞ ሁለት አሃዝ ለዓመት፣ ሦስት አሃዝ ለቀን ነበር፤ 12 068 ማለት የ2012 68ኛ ቀን ነው።

ቁጥሩ ጨርሶ ከጠፋና አምራቹም ሊያረጋግጥላችሁ ካልቻለ መፍትሄ የለውም። ይጣላል። እኔን መለመን ዋጋ የለውም።

ምልክቱ አለ፣ ግን አይሠራም

ከኢንተርኔት በርካሽ የተገዛ ካራቢነር ሲ.ኢ. የሚል፣ የአውሮፓን ደንብ ያሟላል የሚል ምልክት አለው። ከጎኑ ባለአራት አሃዝ ቁጥር ግን የለም። ከከፍታ መውደቅ የሚከላከል ዕቃ በአውሮፓ ደንብ ሦስተኛው ምድብ ነው፤ ምርቱን የሚከታተለው ድርጅት ቁጥር ከምልክቱ ጎን መኖር አለበት። ቁጥሩ ከሌለ የቁልፍ መያዣ አድርጉት። ኢ.ኤን. 12275 የሚል ከሆነም ለስፖርት ነው፤ ለሥራ የምትፈልጉት ኢ.ኤን. 362 ነው። እቤት ቁጭ ብላችሁ የጠለፋችሁት የገመድ ቀለበትም ምንም ቢያምር ሰርተፊኬት የለውም።

የፕሩሲክ ገመዱ አንጸባረቀ

ፕሩሲክ ዋናውን ገመድ ተጠምጥሞ ቆንጥጦ የሚይዘው አጭር ገመድ ነው። ማንጸባረቁ ከላይ በአንድ ትንፋሽ የመውረድ ውጤት ነው። ክሩ ቀልጦ ጠንክሯል። ዳይኒማ የሚባለው ጠንካራ ሰው ሠራሽ ክር በ145 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ ስለዚህ ሰበቃ በሚበዛበት ቦታ ብቻውን አይገባም። መልሱ ቀላል ነው፤ ቀይሩት፣ ቀስ ብላችሁ ውረዱ።

የካራቢነሩ በር አይመለስም

ሙጫ ነው። ለብ ባለ ውኃና በሳሙና እጠቡት፣ አድርቁት፣ አምራቹ የሚፈቅደውን ቅባት ጠብ አድርጉበት። ከዚያ በኋላ በራሱ ካልተቆለፈ አታስታምሙት።

የባትሪ አሲድ

አልፎ አልፎ ነው የሚያጋጥመው፤ ግን አይታይም። ገመድና ባትሪ በአንድ የመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ አታስቀምጡ። የፈሰሰበት ከመሰላችሁም አትፈትሹት፣ ጣሉት። በረኪና እንደዚሁ። የማታውቁት ፈሳሽ የነካውም እንደዚሁ።

የወደቀ ዕቃ አገር ቤት አይላክም

ብዙ አምራቾች ለጨርቅና ለገመድ ዕቃ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ቢበዛ 10 ዓመት ይሰጣሉ፤ ካርቶኑ ውስጥ ተኝቶ ቢከርምም ማለት ነው። እኛ ሰዎች ግን ዕድሜው ያለፈውን ጠቅልለን "ለመስታወት ጠራጊዎች ይሆናል" ብለን ወደ አዲስ አበባ እንልካለን። አዲስ አበባም ላይ ያው መሬት ነው ያለው። የወደቀ ሃርነስ ማንም መልሶ እንዳይታጠቀው የእግር ማሰሪያዎቹንና የመንጠልጠያ ቀለበቱን መያዣ በቢላ በጥሱት። ገመዱን ከአንድ ሜትር ተኩል በታች ቆራርጡት። የካራቢነሩን በር በመጋዝ ቁረጡት። ከዚያ መዝገቡ ላይ ቀኑን ጽፋችሁ ዕቃውን ሰርዙ።