ምራቅ ሲነጥፍ፦ በካንሰር ሕክምና ጊዜ የሚመጡ የአፍ ችግሮችና መፍትሄያቸው

የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ ሰው «አፌ ደረቀ» ሲል ብዙ ጊዜ «ውኃ ጠጣበት» ተብሎ ይታለፋል። መታለፍ የለበትም። ጤናማ ሰው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ምራቅ ያመነጫል። 99 በመቶው ውኃ ነው። ትልቁን ሥራ የምትሠራው ግን የቀረችው አንድ በመቶ ናት። ጀርም እንዳይጣበቅ የሚከለክለው አይጂኤ የተባለው ፀረ እንግዳ አካል፣ የባክቴሪያን ግድግዳ የሚያፈርሰው ላይሶዛይም፣ ባክቴሪያ የሚፈልገውን ብረት የሚነጥቀው ላክቶፈሪን፣ ፈንገስ የሚገድለው ሂስታቲን፣ የአሲድን ጉልበት የሚሰብረው ባይካርቦኔት፣ ሁሉም እዚያች ውስጥ ናቸው። ምራቅ ሲነጥፍ አፍ ጠባቂውን ያጣል። ውኃ ጥሙን ይቆርጣል እንጂ ጠባቂውን አይመልስም።

ስለዚህ መጀመሪያ ሁለት ነገር አጣሩ። ታማሚው የሚወስደው ሕክምና ምንድን ነው? ከወሰደስ ስንተኛ ቀኑ ነው? ከዚያ የስልክ መብራት አብርታችሁ አፉን እዩ። ምላሱን ያንሳና ከሥሩ፣ ቀጥሎ ጉንጩን ከውስጥ፣ ላንቃውን፣ የከንፈሩን ጥግ። በየቀኑ ጥርስ ሲቦረሽ ይህን ማየት ልማድ ይሁን።

ምልክት፦ አፍ ደርቋል፣ እንጀራው አልወርድ ይላል፣ ምራቁ ወፍሮ ይዝለገለጋል

ጨረሩ ያረፈው ራስና አንገት ላይ ከሆነ መንስኤው ሩቅ አይደለም። ትልልቆቹ የምራቅ ዕጢዎች ሦስት ጥንድ ናቸው፦ ከጆሮ ፊት፣ ከመንጋጋ ሥርና ከምላስ ሥር። ጨረር ሲያገኛቸው ምራቅ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ይቀንሳል። መጠኑ ከበዛ ጉዳቱ ለዓመታት፣ አንዳንዴም ለዕድሜ ልክ ይቆያል። ስለዚህ ሕክምናው ሳይጀመር ሐኪሙን «የምራቅ ዕጢዎቹን ማትረፍ ይቻላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጨረሩን በካንሰሩ ቅርጽ ልክ ቀርጸው የምራቅ ዕጢውን መቆጠብ የሚችሉ ማሽኖች አሉ። ከጆሮ ፊት ያለው ዕጢ ላይ የሚያርፈው አማካይ መጠን ከ26 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) በታች ከሆነ ምራቁ የመመለስ ዕድሉ ጥሩ ነው።

ጨረሩ ለጡት ወይም ለማህፀን ከሆነስ? ያኔ ዕጢዎቹን አይነካም፤ ሌላ መንስኤ ፈልጉ። ሞርፊን፣ አሚትሪፕቲሊን፣ አንዳንድ የአለርጂ ክኒኖች አፍ ያደርቃሉ። ጫትም እንዲሁ። የሚወሰደውን መድኃኒት ሁሉ ለሐኪሙ አሳዩ፤ በራሳችሁ ግን አታቋርጡ።

መፍትሄው ውኃን ቶሎ ቶሎ ፉት ማለት ነው፤ አንዴ ብዙ መጠጣት አይጠቅምም። ዕጢው ትንሽም ቢሆን ከሠራ ስኳር የሌለው ማስቲካ ምራቅ ይቀሰቅሳል። ቤት ውስጥ ካለን ነገር እኔ የማስቀድመው ተልባን ነው። የተቆላው ተፈጭቶ ሳይሆን፣ ጥሬው ሙሉ ፍሬ በውኃ ተቀቅሎ፣ ሲዝለገለግ በወንፊት ተጠልሎ ይቀዝቅዝ። የዱቄቱ ቅንጣት ቁስል ይቧጭራል። ዝልግልጉ ግን አፍን ይለብጣል፤ አውሮፓ ውስጥ ከተልባ ተሠርቶ የሚሸጥ የምራቅ ምትክ አለ። የየቀኑን በየቀኑ አዘጋጁ። ምራቅ በእንቅልፍ ሰዓት በጣም ስለሚቀንስ ማታ ውኃ ከራስጌ አይጥፋ። ይህ ሁሉ ካልበቃ ፓይሎካርፒን የሚባል ክኒን አለ፤ በተለምዶ 5 ሚሊግራም በቀን 3 ጊዜ ይታዘዛል። አስም ወይም አንዳንድ ዓይነት ግላኮማ ላለበት ሰው ግን አይሆንም።

አንድ ነገር ልጨምር። በጾም ወራት ውኃ ሳይቀምሱ እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩ ታማሚዎች አሉ። ለደረቀ አፍ ይህ ከባድ ነው። የነፍስ አባትን ወይም ኢማሙን በግልጽ አማክሩ።

ምልክት፦ ኬሞ ከተወሰደ ከሳምንት በኋላ አፍ ይቃጠላል፣ ይቆስላል

ኬሞ፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒቱ፣ ቶሎ ቶሎ የሚባዛን ሕዋስ ይገድላል። የአፍ ውስጥ ስስ ቆዳ ደግሞ በአንድ በሁለት ሳምንት ራሱን የሚያድስ ነው። ስለዚህ አብሮ ይመታል። ዶክሶሩቢሲን (ያ ቀዩ መድኃኒት)፣ ሜቶትሬክሴትና ፍሉሮዩራሲል በዚህ ይታወቃሉ። ቁስሉ ብዙውን ጊዜ ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ይጀምርና በሁለት በሦስት ሳምንት ይድናል። ክፋቱ፣ ነጭ የደም ሕዋስ በጣም የሚያንሰውም ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ መሆኑ ነው። አፍ በቆሰለበት ሰሞን የሚከላከለው ሠራዊትም የለም።

ፈልቶ በበረደ አንድ ሊትር ውኃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ በጥብጡ። ሶዳ ስል ቤኪንግ ሶዳውን እንጂ ቤኪንግ ፓውደሩን አይደለም፤ ሱቅ ስትገዙ ስሙን አንብቡ። በቀን ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ ይጉመጥመጡበትና ይትፉት። አልኮል ያለበት መጉመጥመጫ ያቃጥላል፣ ያደርቃል። መፋቂያውን ለጊዜው ተዉት፤ ድድ ይሸነትራል። ለስላሳ ብሩሽ ለብ ባለ ውኃ ነክሮ መጠቀም ይሻላል።

ምግቡ አልጫ ይሁን። በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ሎሚ፣ የሚያቃጥል ቡና ይቆዩ። ለብ ያለ አጥሚት፣ በርበሬ የሌለው ገንፎ በተፈላ ወተት፣ የተፈጨ ድንች ይወርዳሉ። ቁስሉ ላይ ነጭ ሽንኩርት ወይም ፌጦ የሚያደርጉ ዘመዶች ለማዳን አስበው ነው፤ ግን ቆዳውን ይበልጥ ይልጡታል። በፍቅር አስቁሟቸው።

ፍሉሮዩራሲል በአንዴ በደም ሥር የሚገፋ ከሆነ፣ ከመሰጠቱ 5 ደቂቃ ቀደም ብሎ በረዶ አፍ ውስጥ ይዞ ግማሽ ሰዓት መቆየት ቁስሉን ይቀንሳል። ቅዝቃዜው የደም ሥርን ስለሚያጠብ ወደ አፍ የሚደርሰው መድኃኒት ያንሳል። ኦክሳሊፕላቲን አብሮ ከተሰጠ ግን በረዶ አይሞከርም፤ ያ መድኃኒት ከቅዝቃዜ ጋር አይስማማም።

አሁን የምለውን በደንብ ያዙልኝ። ቤት ውስጥ ቴርሞሜትር ይኑር። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ሙቀቱ አንዴም ቢሆን 38.3 ከደረሰ፣ ወይም 38 ሆኖ አንድ ሰዓት ከቆየ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል። ሌሊትም ቢሆን። ጀርሙ ከቁስሉ ወደ ደም ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ የሚያድነው በጊዜ የተጀመረ አንቲባዮቲክ ነው። ፓራሲታሞል ውጦ «እስኪነጋ እንይ» ማለት ትኩሳቱን ይደብቃል፤ ሕይወትም ያስከፍላል። ምንም መጠጣት ካልቻለ ወይም አፉ መድማቱን ካላቆመ ደግሞ ትኩሳት ባይኖርም ሂዱ።

ምልክት፦ ምላስና ጉንጭ ላይ እንደ እርጎ ያለ ነጭ ነገር

በንጹሕ ጨርቅ ቀስ ብላችሁ ጥረጉት። ተነሥቶ ከሥሩ ቀይ ከታየ የካንዲዳ ፈንገስ ሳይሆን አይቀርም። አንቲባዮቲክ ወይም ዴክሳሜታሶን የወሰደ ሰው ይበልጥ ይጋለጣል። ነጭ ሳይሆን ቀይ ሆኖ፣ ወይም የከንፈር ጥግን ሰንጥቆም ሊመጣ ይችላል። ኒስታቲን የተባለውን የፈንገስ መድኃኒት ሽሮፑን አፍ ውስጥ በደንብ አዙሮ መዋጥ፣ ከዚያም ግማሽ ሰዓት ምንም አለመቅመስ ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለ ማታ ይውለቅ፣ ይታጠብ፤ አለበለዚያ ፈንገሱ ከዚያው ይመለሳል። ሲውጥ ደረቱ ላይ የሚያመው ከሆነ ፈንገሱ ወደ ጉሮሮ ወርዶ ሊሆን ይችላልና ፍሉኮናዞል የሚባል ሌላ የፈንገስ መድኃኒት ሊያስፈልግ ይችላል። ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ስለሚጋጭ ሐኪም ሳያዝ አይወሰድም።

ምልክት፦ ተሰብስበው የወጡ፣ ውኃ የቋጠሩ ትንንሽ ቁስሎች

«ምች መታው» የምንለው ነው። መንስኤው ሰውነት ውስጥ ተኝቶ የነበረ የኸርፐስ ቫይረስ ሲሆን፣ መከላከያ ሲደክም ይነሣል። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ላይ ወደ አፍ ውስጥ ይሰፋል። ዳማከሴ አይበቃውም፤ አሲክሎቪር ቶሎ ይጀመር።

ምልክት፦ ጨረሩ ካለቀ ከወራት በኋላ ጥርስ ከድዱ አጠገብ ይቦረቦራል

አሲዱን የሚያጥብ ምራቅ ስለሌለ ነው። በደንብ የሚቦርሽ ሰውም አያመልጥም። የጥርስ ሐኪም የሚያዘው ፍሎራይዱ ከፍ ያለ ሳሙና ወይም ጄል በየቀኑ፣ ለረጅም ዓመታት ያስፈልጋል። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ያደጉ ሰዎች ፍሎራይድ ሲባል የሚታያቸው የበለዘ ጥርስ ነው። ያ በልጅነት ከተጠጣ ውኃ የመጣ ነው። ያደገ ጥርስ ላይ የሚቀባው አያበልዝም።

የሚነቀል ጥርስ ካለ ጨረሩ ከመጀመሩ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይነቀል፤ ቁስሉ መዳን አለበት። ከጨረር በኋላ የመንጋጋ አጥንት የደም ዝውውሩ ስለሚዳከም ከተነቀለ ላይድን፣ አጥንቱም ሊሞት ይችላል። ለአጥንት ተብሎ ዞሌድሮኒክ አሲድ የሚወስዱም ይኸው ሥጋት አለባቸው። የጥርስ ክሊኒክ ስትሄዱ መንጋጋው ጨረር መውሰዱንና መቼ እንደወሰደ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ተናገሩ፤ የካንሰር ሐኪሙ ሳያውቅም አንድም ጥርስ አይነቀል።