ስምንት ቢቱ ኮምፒውተር አልነሳ ሲል

ዜድ80 በተባለው ስምንት ቢት ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል በሆነው ቺፕ) ኮምፒውተር የሚገጣጥም ሰው ቦርዱ ዝም ሲልበት መጀመሪያ የሚጠረጥረው ፕሮሰሰሩን ነው። ጅማ ሆኖ ይህ አያዋጣም። ቴስተርና ሽቦ ሂርማታ ገበያ ወርዶ ይገኛል፤ ቺፑ ግን በመንገደኛ ሻንጣ ነው የሚመጣው። «ተቃጥሏል» ብላችሁ ከጣላችሁት፣ ሌላ እስኪመጣ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ነው። ፕሮሰሰሩን መጨረሻ ላይ ጠርጥሩት።

ጨርሶ ዝም ካለ

ቮልቴጁን ቻርጀሩ ላይ ሳይሆን ቺፑ እግር ላይ ለኩ። ፒን 11 አምስት ቮልት፣ ፒን 29 ግራውንድ (ዜሮ ቮልት) ነው። ከ4.75 በታች ካነበበ ቀጭኑ የዩኤስቢ ገመድ ወይም ብሬድቦርዱ (ቺፑ ያለ ብየዳ የሚሰካበት ሰሌዳ) በልቶታል። ገመዱን ቀይሩ። ረጃጅም ብሬድቦርዶች ላይ የኃይል መስመሩ መሃል ላይ ተቆርጦ የሚመጣበት ጊዜ አለ፤ በሽቦ አገናኙት። በክረምቱ እርጥበት የቺፑ እግር ከጠቆረም በላጲስ ቀስ ብላችሁ እሹት።

ኃይሉ ደህና ሆኖም ዝም ካለ ሮሙን (ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ቺፕ) እና ራሙን (ጊዜያዊ ማስታወሻውን) ንቀሉ። ከዲ0 እስከ ዲ7 ያሉትን ስምንቱንም የዳታ እግሮች እያንዳንዳቸውን በአንድ ኪሎኦም ሬዚስተር ወደ ግራውንድ አስሩ። ፕሮሰሰሩ ባነበበ ቁጥር ዜሮ ያገኛል። ዜሮ ደግሞ «ምንም አትሥራ፣ ወደሚቀጥለው እለፍ» ማለት ነው። ስለዚህ አድራሻውን ከታች ወደ ላይ እየቆጠረ ይሄዳል። ከአድራሻ እግሮቹ የመጨረሻው በሆነው ኤ15 ላይ፣ ማለትም ፒን 5 ላይ፣ ኤልኢዲ ከሬዚስተር ጋር ስቀሉ። አንዱ ዙር 262,144 ክሎክ (የፕሮሰሰሩን እርምጃ የሚመራ ምት) ይፈጃል፤ በ1 ሜጋኸርዝ በሰከንድ አራቴ ገደማ ብልጭ ይላል። ብርሃኑ ደብዘዝ ቢል አትደንግጡ። ዜድ80 በየትእዛዙ ግማሽ ጊዜ ላይ የሪፍሬሽ (ራም የያዘውን እንዳይረሳ የማደሻ) አድራሻ ስለሚያወጣ ነው። ብልጭ ካለ ፕሮሰሰሩ ጤነኛ ነው፤ ፊታችሁን ወደ ሌላው አዙሩ።

እጅ ሲጠጋው ብቻ የሚሠራ ከሆነ

ይሄ አስቂኝ ይመስላል እንጂ ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ያልታሰረ እግር አለ። የፕሮሰሰሩን መግቢያ እግሮች፣ ፒን 16፣ 17፣ 24 እና 25ን፣ እያንዳንዳቸውን በ10 ኪሎኦም ወደ አምስት ቮልት ሳቡ። ለጥቂት ሰከንድ ሠርቶ የሚጠፋ ከሆነ ግን በየቺፑ ጎን 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር መኖሩን እዩ።

መብራት ሄድ መጣ ሲል የሚደርቅ ከሆነ

ሪሴት ፕሮሰሰሩን ከመጀመሪያ የሚያስጀምር ምልክት ነው፤ የሪሴቱ ካፓሲተር ሳይራገፍ ኃይሉ ተመልሷል፤ ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ሪሴት አላገኘም። የሪሴቱ 10 ኪሎኦም ሬዚስተር ላይ ዳዮድ ደርቡ፣ ባለ መስመሩ ጫፍ ወደ አምስት ቮልት ይዙር። ኃይሉ ሲጠፋ ካፓሲተሩ ቶሎ ይራገፋል።

ትናንት የሠራው ፕሮግራም ዛሬ ከተበላሸ

28ሲ256 ሮም ከሆነ ፒን 27ን እዩ። የመጻፊያ እግሩ ነው። ክፍት ከተተወ ኃይል ሲበራና ሲጠፋ በስህተት ሊጻፍበት ይችላል። አምስት ቮልት ላይ እሰሩትና ፕሮግራሙን እንደገና ጫኑ።

ስክሪኑ ላይ ዝባዝንኬ ከወጣ

አንዳች ፊደል እየመጣ ከሆነ ሽቦው ደህና ነው፤ ፍጥነቱ ነው ያልተገጣጠመው። ቢቶችን አንድ በአንድ የሚልከው 6850 ሲሪያል ቺፕ በ7.3728 ሜጋኸርዝ ክሪስታል፣ ለ64 ሲካፈል፣ በሰከንድ ልክ 115,200 ቢት ይሰጣል። እሱ ጠፍቶ 8 ሜጋኸርዝ ከተተካ 125,000 ይሆናል። ስምንት በመቶ ያህል ልዩነት ነው፤ ሲሪያል ይህን አይችልም። «ይጠጋጋል» ብሎ ማለፍ እዚህ አይሠራም፤ ትክክለኛውን ክሪስታል አስመጡ።

በዝግታ ክሎክ ካልሄደ

አሁን ቺፑን መጠርጠር ይቻላል። ሲሞስ በተባለው አሠራር የተሠራው አዲሱ ዜድ80፣ ዜድ84ሲ00፣ ክሎኩ ቢቆምም ይታገሳል፤ የድሮው ኤንሞስ ዜድ80 ግን ክሎኩ ከመጠን በላይ ከዘገየ የያዘውን ይረሳል። አምራቹ ዚሎግ በ2024 የዜድ84ሲ00 ምርት እንደሚቆም ካሳወቀ ወዲህ ጽሑፉ ተፍቆ የዜድ84ሲ00 ስም በላዩ የታተመበት ቺፕ ሊያጋጥም ይችላል። ጥቂት ደቂቃ አሠርታችሁ በጣት ንኩት። ሲሞስ ቀዝቃዛ ነው ማለት ይቻላል፣ ኤንሞስ ይሞቃል። ከሞቀ አትጣሉት፤ 2 ሜጋኸርዝ ክሎክ ስጡት።