ስቴንት ይግባ ከተባላችሁ፣ እሺ ከማለታችሁ በፊት

የአየር ቧንቧችሁ ጠቧል፣ ስቴንት (የጠበበውን ከውስጥ ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ) ይግባ ከተባላችሁ መጀመሪያ አብሽሩ። ከዚያ ሪፈሩን ይዛችሁ ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ከመንገላታታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ያጠበበው ምንድን ነው?

ካንሰር ከውጭ ተጭኖት ከሆነ ስቴንት ደህና አድርጎ ይሠራል። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ብዙ ጊዜ ወዲያው ቀለል ይለዋል። ካንሰሩን ግን አያድንም፤ ጨረሩ ወይም ኬሞው እስኪደርስ ፋታ ይሰጣል።

ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝቶ በማሽን ሲተነፍስ ከቆየ በኋላ በጠባሳ የጠበበ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። (እንዲህ ያለው ሰው አስም ነው ተብሎ ፓፍ ሲነፋ ሊከርም ይችላል፤ ሲተነፍስ አንገቱ አካባቢ ሲር የሚል ድምፅ ካለውና ፓፉ ካልረዳው ስለ ሲቲ ስካንና ብሮንኮስኮፒ (የአየር ቧንቧን ውስጥ በካሜራ ማየት) ሐኪሙን ጠይቁ።) ጠባሳው አጭር ከሆነና ሰውየው ቀዶ ጥገና ከቻለ፣ የጠበበውን ቆርጦ አውጥቶ ሁለቱን ጫፍ መልሶ መስፋት ነው የሚመረጠው። ስቴንት ቀዶ ጥገና ለማይችል ወይም ተራው እስኪደርሰው ለሚጠብቅ ነው። ቧንቧው ላልቶ ሲያስሉ የሚጣበቅ ከሆነም ለአጭር ጊዜ አስገብቶ ይጠቅም እንደሆነ ማየት ይቻላል።

የስቴንቱን ዓይነትም ጠይቁ። ከሲሊኮን (ጎማ መሰል ነገር) የተሠራው ሙሉ ማደንዘዣ ይፈልጋል፣ ግን ይወጣል። ብረቱ ማስገባቱ ይቀላል፤ ሥጋ ከበቀለበት በኋላ ማውጣቱ ግን ጣጣ ነው፣ ለዚህም ነው የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2005 ካንሰር ለሌለበት ሰው ሌላው አማራጭ ሁሉ ሳይታይ ብረት እንዳይገባ ያስጠነቀቀው።

ከገባ በኋላ ዋናው ጠላት አክታ ነው። ስቴንቱ ላይ ይደርቅና ይዘጋል። ስለዚህ ሐኪሙ ያዘዘው ሳላይን (የጨው ውሃ) በኔቡላይዘር (ፈሳሹን ጭጋግ አድርጎ በሚያስተነፍሰው መሣሪያ) ሳይዘለል፣ ውሃም በደንብ። ሲጋራ በጭራሽ። ቡና ሲፈላ ዕጣኑ ይቅር ማለት ደሴ ላይ እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ግን ይቅር፣ ከሰሉም ውጭ ይቀጣጠል። ስቴንት ሊንሸራተትም ይችላል፤ ድንገት ሳል ከባሰ፣ ድምፅ ከተቀየረ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ሳታድሩ ሆስፒታል ሂዱ። የስቴንቱን ዓይነት፣ መጠንና ያለበትን ቦታ የያዘውን ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አኑሩ፣ የድንገተኛ ሐኪም የመተንፈሻ ቱቦ ከማስገባቱ በፊት ይህን ማየት አለበት።