የፊት ውበት ቀዶ ሕክምና፦ ከመወሰን እስከ መዳን ለሚነሱ ጥያቄዎች መልስ

የፊት ውበት ቀዶ ሕክምና ያሰቡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት በቀዶ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ ስለሚሆነው ነው፦ ያማል? ስንት ሰዓት ይፈጃል? ተኝቼ ነው ወይስ ነቅቼ? ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሳቸውም ከታች አለ። በዚያ ክፍል ውስጥ ያለው ሥራ ግን የሐኪሙ ነው። በእርስዎ እጅ ያሉት ከዚያ በፊት ያሉት አራት ሳምንታትና ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት ናቸው። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚበዛው በእነሱ ላይ ነው።

ለእኔ ይሆናል?

በቅድሚያ ያልወደዱትን ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፉት። «ከጎን ስታይ አፍንጫዬ ላይ ያለው ጉብታ ይረብሸኛል» የሚል ሰው ምን እንዲሠራለት እንደሚፈልግ ይታወቃል። «ፊቴ አያምርም» የሚል ሰው ግን ምንም ቢሠራለት ላይረካ ይችላል፤ ውጤቱ የሚለካበት ነገር የለምና።

በእጅ ይዘው ባነሡት የስልክ ፎቶ ራስዎን አይመዝኑ። ስልኩ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ሲርቅ አፍንጫ ከእውነተኛ ስፋቱ በልጦ ይታያል፤ ጆሮ ደግሞ ያንሳል። ሌላ ሰው 1.5 ሜትር ያህል ርቆ በመስኮት ብርሃን ያንሣዎ፤ አንድ ከፊት ለፊት፣ ሁለት ከግራና ከቀኝ ጎን፣ ሁለት ደግሞ ፊትዎን በከፊል አዙረው። አምስቱን ፎቶዎች ወደ ሐኪሙ ይዘው ይሂዱ።

ችግሩ የሚታይበትና የሚገኝበት ቦታም ሊለያይ ይችላል። ትልቅ የሚመስል አፍንጫ አንዳንድ ጊዜ ትልቅ የመሰለው አገጩ ወደ ኋላ ስለገባ ነው። የዐይን ቆብዎ ከከበደዎ ደግሞ መስታወት ፊት ቆመው ግንባርዎን ዘና ያድርጉና ቅንድብዎን በጣትዎ ቀስ ብለው ወደ ላይ ያንሡት። የተንጠለጠለው ቆዳ በዚህ ብቻ ከጠፋ የወረደው ቅንድቡ ሊሆን ይችላል። ቆዳው ተነሥቶም የቆቡ ጠርዝ ጥቁሩን የዐይን ክፍል እንደሸፈነ ከቀረ ደግሞ ደካማው ቆቡን የሚያነሣው ጡንቻ ሊሆን ይችላል። ትርፍ ቆዳ፣ የወረደ ቅንድብና ደካማ ጡንቻ የሚታከሙት በሦስት የተለያዩ ቀዶ ሕክምናዎች ነው። ሳይለዩ ትርፍ ቆዳ መቁረጥ ችግሩን አይፈታውም።

ዕድሜን በተመለከተ፣ የወጣ ጆሮ ከ5 ወይም ከ6 ዓመት ጀምሮ ሊስተካከል ይችላል፤ ጆሮ በዚያ ዕድሜ አብዛኛውን እድገቱን ጨርሷልና። አፍንጫ ግን የፊት እድገት እስኪያበቃ ይጠብቃል፦ ሴቶች ልጆች ከ15 እስከ 16፣ ወንዶች ከ17 ዓመት ገደማ። እርጉዝ የሆነች ወይም የምታጠባ እናት ብትቆይ ይሻላል። ሌላ ሰው ልብ የማይለውን ጉድለት በየቀኑ ለረጅም ሰዓት በመስታወት የሚመረምር፣ በእሱም ምክንያት ከሰው የሚሸሽ ሰው መጀመሪያ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማየት አለበት። እንዲህ ያለው ጭንቀት በቀዶ ሕክምና አይለቅም፤ ብዙ ጊዜ ወደ ሌላ የፊት ክፍል ይዛወራል።

ሐኪሙን ምን ልጠይቅ?

ይህን ቀዶ ሕክምና በዓመት ስንት ጊዜ ይሠሩታል? የእኔን ዓይነት ቆዳ ያለው ሰው ፎቶ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊትና ከአንድ ዓመት በኋላ የተነሣ፣ ሊያሳዩኝ ይችላሉ? ማደንዘዣውን ማን ይሰጣል? ሌሊት ብደማ የማን ስልክ ይነሣል? እርማት ቢያስፈልግ ወጪው የማን ነው? እነዚህን ጽፈው ይዘው ይሂዱ፤ መልሱንም እዚያው ይጻፉ። በኮምፒውተር የሚታየው የወደፊት ፊትዎ መነጋገሪያ ነው፤ ቃል ኪዳን አይደለም። ውጤቱን ዋስትና ከሚሰጥ፣ የጤና ታሪክዎን ከማይጠይቅ፣ «ዛሬ ከፈረሙ ቅናሽ አለ» ከሚል ቦታ ተነሥተው ይውጡ።

ምን ልተው፣ ምን ልቀጥል?

ከሁሉ በፊት ሲጋራ። ኒኮቲን የቆዳን ጥቃቅን የደም ሥሮች ያጠብባል፤ ቆዳው ከሥሩ ተላቆ በሚሳብበት ቀዶ ሕክምና ላይ ደግሞ ጫፉ በሕይወት የሚቆየው በእነዚህ ሥሮች ብቻ ነው። ደም ካልደረሰው ይጠቁርና ይሞታል፤ ይህም በብዛት የሚታየው ከጆሮ ጀርባ ነው። ቢያንስ 4 ሳምንት በፊት፣ 4 ሳምንት በኋላ ያቁሙ። የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ ሺሻና በቆዳ ላይ የሚለጠፈው የኒኮቲን ፕላስተርም ይቆጠራሉ። ካላቆሙ ለሐኪሙ እውነቱን ይንገሩ፤ ቀኑን ማራዘም ቆዳ ከማጣት ይሻላል።

አስፒሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ መድማትን ያባብሳሉ፤ ብዙ ሐኪሞች ከ7 እስከ 14 ቀን አስቀድሞ ያስቆማሉ። የቫይታሚን ኢ፣ የዓሣ ዘይት፣ የነጭ ሽንኩርትና ጊንኮ የሚባለው ተክል እንክብሎችም እንዲሁ። ሰዎች እነዚህን «መድኃኒት አይደሉም» ብለው ሳይናገሩ ያልፋሉ፤ ስለዚህ የሚወስዱትን ሁሉ ይዘው ይምጡ። ለልብ ወይም ለደም መርጋት የታዘዘልዎትን መድኃኒት ግን በራስዎ ውሳኔ ፈጽሞ እንዳያቋርጡ። እሱን የሚወስነው ያዘዘው ሐኪም ነው። ለሕመም ፓራሲታሞል መውሰድ ይቻላል። የደም ግፊትና ስኳር ካለብዎ በቁጥጥር ሥር ሳይውሉ ቀን አይቁረጡ።

ሙሉ ማደንዘዣ ወይም የሚያስተኛ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ቀላል ምግብ 6 ሰዓት፣ ቅባት ያለው ምግብ 8 ሰዓት፣ ውሃ 2 ሰዓት ሲቀር ያቁሙ። ሐኪምዎ ከዚህ የጠበቀ ትእዛዝ ከሰጠዎ የእሱን ይከተሉ። ሆድ ባዶ ካልሆነ ተኝተው ሳለ ምግቡ ተመልሶ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

ያማል? ምን ያህል ይቆያል?

የላይኛው የዐይን ቆብ ነቅተው፣ በመርፌ በሚሰጥ ማደንዘዣ ይሠራል፤ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የሚያምመው የመርፌው መግቢያ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማዎ መነካት ብቻ ነው። አፍንጫ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይወስዳል፤ ብዙ ጊዜ በሙሉ ማደንዘዣ። ፊት ማጥበቅ ከ3 እስከ 5 ሰዓት። ከሕመሙ ይልቅ ሰዎችን የሚያስቸግራቸው መወጠር፣ በአፍንጫ መተንፈስ አለመቻልና ጀርባ ላይ ብቻ መተኛት ነው። እብጠት የሚበረታው በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ነው። ይህን አስቀድሞ ያላወቀ ሰው በ3ኛው ቀን መስታወት ሲያይ ይደነግጣል።

አፍንጫ

ብዙ ጥያቄ የሚነሣበት ይህ ነው፤ ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቀውም። በላዩ የሚደረገው ደጋፊ ከ5 እስከ 7 ቀን ይቆያል። ሲነሣ የሚያዩት አፍንጫ ያበጠ፣ ጫፉም ከሚገባው በላይ ቀና ያለ ነው። በአንድ ወር አብዛኛው እብጠት ይጎድላል፤ የቀረው ግን ቀስ ብሎ እስከ 12 ወር ይሄዳል። ወፍራም ቆዳ ባለው ሰው ጫፉ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። ወፍራም ቆዳ ከሥሩ የተቀረጸውን ቅርጽ ስለሚደብቅ፣ «ቀጭን ጫፍ» የሚፈልግ ሰው ቆዳው ምን ያህል እንደሚፈቅድለት አስቀድሞ ይጠይቅ። ከመጠን በላይ መቀነስ የሚያስከትለው ችግር መጠበብ ነው፦ አፍንጫው ያንሳል፤ ግድግዳው ሲተነፍሱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ አየርም ያጥራል። መቀነስ ብቻ ሳይሆን መደገፍም ስለሚያስፈልግ ሐኪሙ ከአፍንጫው መሐል ግድግዳ፣ ከጆሮ ወይም ከጎድን ካርቲሌጅ (ለስላሳ አጥንት) ሊወስድ ይችላል።

ለ2 ሳምንት አይናፈጡ። ሲያስነጥስዎ አፍዎን ይክፈቱ። መነጽር ለ4 እስከ 6 ሳምንት በአፍንጫው ድልድይ ላይ አይረፍ፤ አጥንቱ ከተስተካከለ ክብደቱ ቅርጹን ሊያዛባ ይችላል። ለጥቂት ቀን በደም የቀላ ፈሳሽ መውጣቱ የተለመደ ነው። ተቀምጠው ወደ ፊት ጎንበስ ብለውም የማይቆም ነስር ግን የተለመደ አይደለም።

የዐይን ቆብ

ስፌቱ ከ5 እስከ 7 ቀን ይወጣል። ሌንስ የሚያደርጉ ለ2 ሳምንት ያህል ያቁሙ። ዐይንዎ ቀድሞም ይደርቅ ከነበረ ይናገሩ፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ይብሳል። እዚህ ላይ ዋናው ስሕተት ቆዳ አብዝቶ መቁረጥ ነው፦ በቅንድብና በሽፋሽፍት ሥር መካከል ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር ቆዳ ካልቀረ ዐይን በእንቅልፍ ጊዜ ላይከደን ይችላል። ትንሽ የቀረን ቆዳ በኋላ መቀነስ ቀላል ነው፤ የተወሰደውን መመለስ ግን እጅግ ከባድ ነው። በታችኛው ቆብ ደግሞ ቆዳ በብዛት ከተቆረጠ ጠርዙ ወደ ታች ይሳባል፤ ነጩ የዐይን ክፍል ይጋለጣል።

ፊት ማጥበቅ

ቆዳን ብቻ መሳብ የሚሰጠው ውጤት አጭር ነው፤ ጠባሳውንም ያሰፋል። ጥሩው አሠራር ከቆዳው ሥር ያለውን የጡንቻና የሽፋን ንጣፍ አንሥቶ መስፋት ነው፤ ቆዳው ከዚያ ሳይወጠር ይገጠማል። ይህ ንጣፍ ከፊት ነርቭ በላይ ስለሆነ ጥንቃቄው እዚያ ነው። የጆሮ ጉትቻ ቦታ ለጥቂት ወራት ሊደነዝዝ ይችላል። ውጤቱ ከ7 እስከ 10 ዓመት ገደማ ይቆያል፤ እርጅናን ግን አያቆምም። የአፍ ዙሪያ ቀጫጭን መስመሮችንና ማዲያትንም አያጠፋም።

መርፌዎቹስ?

ቦቶክስ ጡንቻን ያዝናናል፦ ከ3 እስከ 5 ቀን ይጀምራል፣ በ2 ሳምንት ይሞላል፣ ከ3 እስከ 4 ወር ይቆያል። ፊለር ቦታ ይሞላል። ከፊለሮች መካከል ሃያሉሮኒክ አሲድ የሚመረጠው ሃያሉሮኒዴዝ በሚባል መርፌ ሊሟሟ ስለሚችል ነው። በመርፌ የሚሰጥ ፈሳሽ ሲሊኮን አይቀበሉ፤ ከዓመታት በኋላም እብጠትና ቁስል ያመጣል፤ ማውጣቱም አስቸጋሪ ነው። ፊለር ወደ ደም ሥር ከገባ ቆዳው ወዲያው ይነጣል ወይም እንደ መረብ ይዥጎረጎራል፤ ኃይለኛ ሕመምም ይኖራል። በአፍንጫና በቅንድብ መካከል አካባቢ ከሆነ ዐይን ሊያሳውር ይችላል። ስለዚህ ማሟሟያው በክፍሉ ውስጥ መኖሩን ሳያረጋግጡ መርፌ አይወጉ፤ በውበት ሳሎን ደግሞ በፍጹም።

ጠባሳና ጥቁር ቆዳ

ጠባሳ የሌለው ቁርጥ የለም፤ ጥበቡ በቆዳ እጥፋትና በጆሮ ጥግ መደበቅ ነው። ጠባሳው እስከ 3ኛው ወር ድረስ ሊቀላ ወይም ሊጠቁር፣ ሊጠነክርም ይችላል። ከ12 ወር ገደማ በኋላ ይለሰልሳል።

ኬሎይድ ከቁስሉ ድንበር አልፎ የሚያድግ ጠባሳ ነው፤ ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ይበዛል። የሚመርጠውም ቦታ ጆሮ፣ መንጋጋ ጠርዝ፣ ደረትና ትከሻ ነው፤ የዐይን ቆብ ላይ እጅግ ብርቅ ነው። ጆሮዎን ተበስተው ያበጠ ከነበረ ወይም በቤተሰብ ካለ ለሐኪሙ ያሳዩ። ዐይን ቆብ ላይ ምናልባት አያግድዎትም፤ ፊት ማጥበቅና ጆሮ ማስተካከል ላይ ግን ውሳኔውን ሊለውጥ ይችላል። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በኋላ የሲሊኮን ልጥፍ ወይም ጄል በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለ2 እስከ 3 ወር ይረዳል። ማሳከክና ማደግ ከጀመረ ወዲያው ይመለሱ፤ ትሪያምሲኖሎን የሚባለው መርፌ በጊዜ ሲጀመር ይበልጥ ይሠራል። ጨረር (ሌዘር) ወይም ኃይለኛ ኬሚካል ልጣጭ ጥቁር ቆዳን ሊያጠቁር ወይም ሊያነጣ ስለሚችል በትንሽ ቦታ ላይ ሙከራ ይጠይቁ። ከፀሐይ መከላከያ ቁጥሩ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ ክሬም ለጥቁር ቆዳም ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ጠባሳው ጠቁሮ ይቀራል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

ትራስ ደርበው ራስዎን ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ አድርገው ይተኙ። ለ48 ሰዓት በጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር ለ15 ደቂቃ ይያዙ፣ ያሳርፉ፣ ይድገሙ። በረዶ በቀጥታ ቆዳ ላይ አይነካ፤ የደነዘዘ ቆዳ ሲቃጠል አይሰማዎትምና። ፊት ማጥበቅ ላይ ሐኪሙ ከፈቀደ ብቻ ያቀዝቅዙ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በቤት ውስጥ ይራመዱ፤ ጎንበስ ማለት፣ ከባድ ማንሣትና ስፖርት ግን ለ3 ወይም ለ4 ሳምንት ይቅር። የሆድ ድርቀት እንዳይኖር ውሃና አትክልት ያብዙ፤ ማማጥ የደም ግፊትን ከፍ አድርጎ ያደማል። የበለዘው ቦታ ከ10 እስከ 14 ቀን ይቆያል። ሥራ ላይ ለመታየት 2 ሳምንት ይያዙ።

መቼ ነው ወዲያው የምደውለው?

አንዱ ጎን ብቻ በድንገት ካበጠ፣ ከጠነከረና ካመመ። ይህ ከቆዳ ሥር የተጠራቀመ ደም ነው፤ በፊት ማጥበቅ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ይመጣል፤ በወንዶችና የደም ግፊት ባለባቸው ይበዛል። ካልወጣ ቆዳውን ደም ይነፍገዋል። ከዐይን ቆብ በኋላ ዐይን ወደ ውጭ ከተገፋ፣ በኃይል ካመመ ወይም ማየት ከደበዘዘ ጠዋትን አይጠብቁ፤ ግፊቱ በ2 ሰዓት ገደማ ውስጥ ካልተለቀቀ ዕይታው ላይመለስ ይችላል። ትኩሳት ከ38 ዲግሪ በላይ፣ መግል፣ የሚሰፋ መቅላት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የባት እብጠትና ሕመምም እንዲሁ።

ካልወደድኩትስ?

በ3 ሳምንት የሚታየው የፊት አለመመጣጠን ብዙ ጊዜ እብጠት ነው፤ ሁለቱ ጎኖች እኩል አይጎድሉም። በየወሩ በዚያው ብርሃንና በዚያው ርቀት ፎቶ ያንሡ፤ በየቀኑ መስታወት ማየት ለውጡን ይደብቃል። ለአፍንጫ እርማት ቢያንስ 12 ወር፣ ለዐይን ቆብና ለፊት ብዙ ጊዜ 6 ወር ይጠበቃል። ከዚያ በፊት ሲቆረጥ ሐኪሙ የሚቆርጠው እብጠትንና ገና ያልለሰለሰ ጠባሳን ነው። ጊዜው ሲደርስ የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገርና አምስቱን ፎቶዎች ይዘው ይመለሱ። ሌላ ሐኪም ዘንድ ከሄዱም የመጀመሪያውን ቀዶ ሕክምና ሪፖርት ቅጂ ይጠይቁ፤ ምን እንደተወሰደና ምን እንደቀረ የሚያውቀው ከእሱ ነው።